ዝርዝሩን የሚጽፈው ማን ነው? ስለ ስቴፈን ኬሺ የአሰልጣኝነት ዘመን የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። የተጋበዝሁት ከተጫዋችነት ወደ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝነት ስለ ተሸጋገሩ ሰዎች እንድናገር ነው። ብዙ ስም መደርደር ይቻላል። ነገር ግን ስለ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ከማልፍ አንዱን ሰው ይዤ ረጋ ብለን ብናየው ይሻላል ብዬ ናይጄሪያዊውን ስቴፈን ኬሺን መረጥሁ። አብዛኞቻችሁ ጫማችሁን ሰቅላችሁ አሰልጣኝነትን መማር የጀመራችሁ ናችሁ፤ ከእርሱ ሕይወት የምታገኙት ነገር ብዙ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬሺ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ሁለት ታሪኮች አሉ። የአፍሪካ ዋንጫን በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም በማሸነፍ ከግብጹ ማህሙድ ኤል ጎሃሪ ቀጥሎ ሁለተኛው ሰው ነው። ኤል ጎሃሪ በ1959 በተጫዋችነት፣ በ1998 በአሰልጣኝነት አሸንፏል። ኬሺ ደግሞ በ1994 እና በ2013። ሁለተኛው ታሪክ፣ ሁለት የተለያዩ ሀገራትን ለዓለም ዋንጫ ያሳለፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አሰልጣኝ መሆኑ ነው። ሁለቱም ትልቅ ነገሮች ናቸው። እኔን የሚይዘኝ ግን ከሁለቱም ጀርባ ያለው ትግል ነው። ይህ ሰው በተጫዋችነቱም በአሰልጣኝነቱም ዘመን ከአንድ ጥያቄ ጋር ተናንቋል፦ የቡድኑን ዝርዝር የሚጽፈው ማን ነው? አሰልጣኙ ነው፣ ፌዴሬሽኑ ነው፣ ሚኒስትሩ ነው፣ ወይስ በአውሮፓ ስም ያተረፈው ኮከብ? ኬሺ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ዋጋም ያስከፈለው፣ ዋንጫም የሰጠው ይኸው መልሱ ነው።

ኬሺ በ1962 ተወለደ፤ በሌጎስ ተማረ፤ ስሙ የገነነው ደግሞ በናይጄሪያዋ ቤኒን ከተማ በነበረው የኒው ናይጄሪያን ባንክ ክለብ ነው። የመሀል ተከላካይ ነበር። ግዙፍ፣ ድምፁ ሜዳውን የሚሞላ፣ ገና በወጣትነቱ ታላላቆቹን የሚያዝ። «ታላቁ አለቃ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በአሰልጣኝነቱ ጊዜ አይደለም፤ ከተጫዋችነቱ ይዞት የመጣው ነው።

በ1985 ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ለብሔራዊ ቡድኑ ዝግጅት በጊዜ አልደረሳችሁም ተብሎ ታገደ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ቤቱ ገብቶ ይቅርታ ደጅ ይጠናል። ኬሺ ሻንጣውን ይዞ ኮትዲቯር ገባ። በስታድ ዳቢጃን፣ ቀጥሎም በአፍሪካ ስፖርት ተጫወተ። ከዚያ ወደ ቤልጂየሙ ሎከረን፣ ከሎከረን ደግሞ ወደ ታላቁ አንደርሌክት ተሻገረ። በአንደርሌክት የቤልጂየምን ዋንጫም የሊጉንም ሻምፒዮንነት አገኘ። ለናይጄሪያ ተጫዋቾች የቤልጂየምን በር ከከፈቱት ቀዳሚዎች አንዱ እርሱ ነው። በ1990ዎቹ በአውሮፓ የተበተነው የናይጄሪያ ወርቃማ ትውልድ በዚያ በር አልፏል ማለት ማጋነን አይሆንም። እገዳው ሊሰብረው ሲገባ መንገድ አወጣለት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ፌዴሬሽን በአንድ ደብዳቤ ሰውን ከዝርዝር ሊሰርዝ እንደሚችል የተማረው ያኔ ነው።

ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር በ1984 እና በ1988 የአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ ደርሶ ሁለቱንም በካሜሩን ተሸነፈ። በ1994 ቱኒዚያ ላይ ግን ተሳካ። ዛምቢያን 2 ለ 1 ባሸነፉበት ፍፃሜ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው ኢማኑኤል አሙኒኬ ነበር። አምበሉ ኬሺ በዚያች ዕለት ሜዳ አልገባም፤ ዋንጫውን ግን ተቀብሎ አነሳ። ከጥቂት ወራት በኋላ ናይጄሪያ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ስትሳተፍ ከአራቱ ጨዋታዎች ኬሺ የተሰለፈው ግሪክን በገጠሙበት አንዱ ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ሆላንዳዊው ክሌመንስ ቬስተርሆፍ የመረጠው ሌሎችን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወደዚያ ውድድር ሲያመራ ለኖረ አምበል ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ቀላል አይደለም። ኬሺ ግን ቡድኑን አላመሰም። ይህን ያዙልኝ፤ ከ19 ዓመት በኋላ እርሱ ራሱ በሌላ አምበል ላይ ይህንኑ ፍርድ ይሰጣል።

ወደ አሰልጣኝነቱ እንሂድ። ኬሺ የአሰልጣኝነት ትምህርቱን የተከታተለው አሜሪካ ነው። ከዚያ ወደ ሀገሩ ተመልሶ የዋናው ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። በ2001 ደግሞ የናይጄሪያን ከ20 ዓመት በታች ቡድን ይዞ ወደ እኛ ሀገር መጣ። የዚያን ዓመት የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና የተካሄደው ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑን ከእናንተ መካከል ታላላቆቹ ታስታውሳላችሁ። ኬሺ ሳይሳካለት ተመለሰ። የእኛ ልጆች ግን አራተኛ ሆነው ጨርሰው በአርጀንቲና ለተካሄደው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ አለፉ። በዋና አሰልጣኝነት የመጀመሪያ ትልቅ ፈተናው በእኛው ሜዳ ላይ ነበር፤ ወደቀም።

በቀጣዩ ዓመት የከፋ ነገር መጣ። በሻይቡ አሞዱ የሚመራው የአሰልጣኞች ቡድን ናይጄሪያን ለ2002 የዓለም ዋንጫ አሳልፎ ነበር። በማሊው የአፍሪካ ዋንጫ ሦስተኛ ወጡ። ሦስተኛነት ለናይጄሪያ ውርደት ነው ተባለና አሞዱም ረዳቱ ኬሺም ተባረሩ። ወደ ጃፓንና ኮሪያ ቡድኑን ይዞ የሄደው ሌላ ሰው ነው። ኬሺ ያረሰውን ማሳ ሌላ ሲያጭድ ማየት የጀመረው ያኔ ነው፤ የመጨረሻው ግን አልነበረም።

በ2004 ቶጎ ቀጠረችው። ቶጎ በዚያን ጊዜ ማን ነበረች? በአፍሪካ ዋንጫ ከምድብ አልፋ የማታውቅ ትንሽ ሀገር። የማጣሪያ ምድቧ ውስጥ በ2002 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ የደረሰችው ሴኔጋል ነበረች፤ ዛምቢያ፣ ማሊ፣ ኮንጎ እና ላይቤሪያም አሉ። ማንም ለቶጎ ቦታ አልሰጣትም። ኬሺ ኢማኑኤል አደባዮርን ግንባር ቀደም አድርጎ ቡድን ገነባ፤ አደባዮር በማጣሪያው 11 ግብ አስቆጠረ። ጥቅምት 8 ቀን 2005 ብራዛቪል ላይ ኮንጎን 3 ለ 2 አሸንፈው ምድቡን በ23 ነጥብ ጨረሱ። ሴኔጋል 21 ነጥብ ይዛ ቀረች። ቶጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች።

ከሦስት ወር በኋላ በግብፅ የአፍሪካ ዋንጫ ተጀመረ። አደባዮር በዚያው ወር ለአርሰናል ፈርሞ ነበር። በአሰልጣኙና በኮከቡ መካከል ጠብ ተነሳ፤ ኬሺም ቋሚ ተሰላፊ ሳያደርገው ቀረ። ቶጎ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። ኬሺም ተሰናበተ፤ ጀርመን ለሚካሄደው የዓለም ዋንጫ በእርሱ ቦታ ጀርመናዊው ኦቶ ፊስተር ተቀጠረ። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። በጉርሻ ክፍያ ንትርክ የተነሳ ፊስተር ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ጥሎ ሄዶ እንደገና ተመለሰ፤ ቶጎም በደቡብ ኮሪያ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተሸንፋ ወደ ቤቷ ገባች።

ኬሺ በአደባዮር ላይ የወሰደው እርምጃ ልክ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በእግር ኳሱ ስሌት ልክ አልነበረም እላለሁ። ከቡድኑ ግብ አብዛኛውን የሚያስቆጥረውን አጥቂ ወንበር ላይ አስቀምጦ ግብ መጠበቅ አይቻልም። ነገር ግን ሌላኛውንም ጎን እዩ። ያን ቀን ኮከቡ ቢያስገድደውና ቢሰለፍ ኖሮ የቀሩት 22 ተጫዋቾች ማንን አለቃ ይሉ ነበር? ትልቁ ጥፋት የማን እንደሆነ ግን ለእኔ ግልጽ ነው። ለ10 ጨዋታ ማጣሪያ ደክሞ ሀገሪቱን ታይቶ ወደማይታወቅ ቦታ ያደረሰን ሰው በሦስት ጨዋታ ማባረር ግፍ ነው። የቶጎ ፌዴሬሽን ራሱ ይህን የተረዳው ይመስለኛል፤ በኋላ ደጋግሞ ጠርቶታልና።

በ2008 ማሊን ያዘ። ስለ ማሊ ብዙ አልናገርም፤ አንዲት ምሽት ግን አልፋትም። ጥር 10 ቀን 2010፣ ሉዋንዳ፣ የአፍሪካ ዋንጫ መክፈቻ። ከሁለት ቀን በፊት የኬሺን የቀድሞ ተጫዋቾች የያዘው የቶጎ ቡድን አውቶቡስ ካቢንዳ ውስጥ በታጣቂዎች ተደብድቦ ሰው ሞቷል፤ ቶጎም ከውድድሩ ወጥታለች። በዚያ ድባብ ውስጥ ማሊ አስተናጋጇን አንጎላን ገጠመች። ሰዓቱ ወደ 80ኛው ደቂቃ ሲቃረብ አንጎላ 4 ለ 0 ትመራ ነበር። ስታዲየሙ በዘፈን ይናወጣል። በ79ኛው ደቂቃ ሰይዱ ኬይታ አንድ አስቆጠረ፤ የማጽናኛ ግብ ነው ተባለ። በ88ኛው ፍሬዴሪክ ካኑቴ ጨመረ። በባከኑት ደቂቃዎች ኬይታ እንደገና፣ ከዚያም ተቀይሮ የገባው ሙስጠፋ ያታባሬ። 4 ለ 4። በቴሌቪዥን ስከታተል የነበርሁ ሰው ነኝ፤ የአንጎላ ተመልካች እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ሲቀር ያየሁት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ቡድኑ ተስፋ ቆርጦ ሊበተን በሚችልበት ሰዓት ያልተበተነው ለምን እንደሆነ ነው እንድትጠይቁ የምፈልገው። በመጨረሻው ደቂቃ የገባችው ግብ ከወንበር የተነሳ ልጅ ያስቆጠራት መሆኗም በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ወንበር ላይ ያለውን ሰው ዝግጁ አድርጎ ማቆየት ኬሺ ከተጫዋችነቱ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። ማሊ ግን ከምድቡ አላለፈችም፤ ኬሺም እንደገና ተሰናበተ።

አሁን ወደ ዋናው ደረስሁ። ናይጄሪያ ለ2012 የአፍሪካ ዋንጫ ማለፍ ሳትችል ቀረችና በኅዳር 2011 ኬሺን ዋና አሰልጣኝ አድርጋ ሾመችው። ከሁሉ በፊት ያደረገው የሀገር ውስጥ ሊግ ማየት ነበር። ናይጄሪያ በእንግሊዝ፣ በጣሊያን፣ በሩሲያ የሚጫወቱ ልጆች ሞልተዋት፣ አሰልጣኙ ኢኑጉ ሬንጀርስንና ሰንሻይን ስታርስን ሊያይ ይሄዳል! ሰው ተገረመ፤ ቀጥሎም ተቆጣ። የ2013 ዝርዝር ሲወጣ ኦሳዜ ኦደምዊንጊ የለም። ኦባፌሚ ማርቲንስ የለም። ታዬ ታይዎ የለም። በእነርሱ ፋንታ ከሀገር ውስጥ ክለቦች የመጡ ስድስት ልጆች አሉ። ኦደምዊንጊ ቅሬታውን በማኅበራዊ ሚዲያ በአደባባይ ገለጸ። ጋዜጦቹ ኬሺን አብጠለጠሉት።

እርሱም አፉን አልዘጋም። በውድድሩ ዋዜማ የአፍሪካ ፌዴሬሽኖች ለመካከለኛ የውጭ አሰልጣኞች ገንዘብና ጊዜ ሲያፈሱ ለገዛ ልጆቻቸው ግን አንድ ዓመት እንኳ ይነፍጋሉ ብሎ በግልጽ ተናገረ። ብዙዎች ዘረኝነት ነው ብለው ጣት ቀሰሩበት። እኔ እንደዚያ አላየውም። በ2002 እና በ2006 የደረሰበትን ለሚያውቅ ሰው ንግግሩ ከደረሰበት የመጣ ነው። ደግሞስ የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለን የምንተርት እኛ ይህን ለመረዳት ለምን ይከብደናል?

ውድድሩ ግን ክፉኛ ጀመረ። ከቡርኪናፋሶ 1 ለ 1፤ አቻዋ ግብ የገባችባቸው በባከነው ሰዓት ነው። ከዛምቢያም 1 ለ 1። ሦስተኛው ጨዋታ ከእኛ ጋር ነበር፤ ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሩስተንበርግ። ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰዋል፤ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የተጓዘው ደጋፊያችን ቢጫና አረንጓዴ ለብሶ ስታዲየሙን ሞልቶታል። እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ምንም ግብ የለም። የኬሺ ዕጣ በዚያ ምሽት በእኛ እጅ ነበር ብል ከእውነት አልራቅሁም። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምቶችን አስቆጠረና ናይጄሪያ አለፈች፤ እኛም ተመለስን።

በሩብ ፍፃሜ የጠበቀቻቸው ኮትዲቯር ናት፤ ዲዲዬ ድሮግባ፣ ያያ ቱሬ፣ ጀርቪንሆ። የናይጄሪያ ፌዴሬሽን የመመለሻ ትኬት አስቀድሞ ይዞ ነበር ተብሎ እስኪዘገብ ድረስ ማንም አላመነባቸውም። ውጤቱ 1 ለ 1 እያለ፣ በ78ኛው ደቂቃ፣ ሰንዴይ ምባ ኳሷን ከመሀል ሜዳ አካባቢ ይዞ ገሰገሰ። የኮትዲቯር ተከላካዮች ያቀብላል ብለው ጠበቁ፤ አላቀበለም። መታ፤ ኳሷ ተከላካይ ነክታ አቅጣጫዋን ቀይራ መረቡ ውስጥ ገባች። ይህ ልጅ ከሀገር ውስጥ ሊግ ከመጡት ስድስቱ አንዱ ነው። ግማሽ ፍፃሜ ላይ ማሊን፣ ኬሺ ራሱ ይዟት የነበረችውን ማሊን፣ 4 ለ 1 ደመሰሱ።

የካቲት 10 ቀን 2013፣ ጆሃንስበርግ፣ ሶከር ሲቲ። የናይጄሪያ ምርጥ አጥቂ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ በጉዳት የለም። በ40ኛው ደቂቃ የሞሰስ ምት ተጨርፋ ወደ ላይ ተነሳችና ምባ ጋ ደረሰች። ያደረገውን ቀስ ብላችሁ እዩት። ወዲያውኑ አልመታም። በአንድ እግሩ በተከላካዩ አናት በላይ አሻገራት፤ ራሱ ዞሮ ተቀበላትና መሬት ሳትነካ በሌላኛው እግሩ ወደ ሩቁ ጥግ ላካት። 1 ለ 0፤ ናይጄሪያ ከ19 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች።

ያዙልኝ ያልኋችሁን አምበል አሁን ላንሳው። ጆሴፍ ዮቦ የቡድኑ አምበል ነው፤ በአውሮፓ ረጅም ዓመት የተጫወተ ታላቅ ተከላካይ። ኬሺ በመሀል ተከላካይነት ያሰለፈው ግን ወጣቶቹን ኬነዝ ኦሜሩኦንና ከሀገር ውስጥ የመጣውን ጎድፍሬይ ኦቦአቦናን ነበር። ዮቦ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በፍፃሜው የመጨረሻ ደቂቃዎች ኬሺ ዮቦን ቀይሮ አስገባው፤ ዋንጫውንም ያነሳው ዮቦ ነው። በ1994 ወንበር ላይ የነበረ አምበል በ2013 ወንበር ላይ ያለን አምበል እንዴት እንደሚይዝ ያውቅ ነበር። ተጫዋች የነበረ አሰልጣኝ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ካለ፣ እኔ ይህችን ቅያሪ አሳየዋለሁ።

ከድሉ ማግሥት ኬሺ ሥራ ለቅቄያለሁ ብሎ በሬዲዮ አስታወቀ። ዋንጫ ያነሳ ሰው በማግሥቱ የሚለቀው ለምንድን ነው? በውድድሩ መሀል ሊያባርሩት እንደተዘጋጁ ስላወቀ ነው። ስፖርት ሚኒስትሩ መሀል ገብተው ሐሳቡን ቀየረ። ነገር ግን ቤቱ አልተስተካከለም። በዚያው ዓመት ተጫዋቾቹ በጉርሻ ጉዳይ ከናሚቢያ አንሄድም ብለው ለኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ብራዚል የደረሱት ዘግይተው ነው። አሰልጣኙ ራሱ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮኑ፣ ለወራት ያለ ደመወዝ ሠራ።

በጥቅምትም እንደገና ወደ እኛ መጣ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ የቀረው ደርሶ መልስ ብቻ ነው። ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፈው ሕዝብ፣ ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚባሉት የስታዲየሙ መቀመጫዎች ገና ከጠዋቱ ሞልተው ሲዘምሩ፣ ከእናንተ መካከል የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። በ56ኛው ደቂቃ በኃይሉ አሰፋ ከቀኝ መስመር ያሻገራት ኳስ ቪንሰንት ኤኒያማን አታልላ ገባች። ያን ጩኸት ዳግመኛ አልሰማሁትም። ከ11 ደቂቃ በኋላ ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በ90ኛው ደግሞ ፍፁም ቅጣት ምት አስቆጥሮ 2 ለ 1 ወሰዱት። በመልሱ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ኬሺ ሁለተኛ ሀገሩን ለዓለም ዋንጫ ያሳለፈው በእኛ ላይ ነው።

ስለዚያ ጨዋታ ስናወራ ሁልጊዜ የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ወንበር ላይ የሀገር ልጆች ነበሩ። በዚያ በኩል ኬሺ፣ በዚህ በኩል አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው። አሰልጣኝ ሰውነት ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መልሰውናል፤ ደቡብ አፍሪካ የነበረችበትን ምድብ በአንደኝነት ጨርሰው ለዓለም ዋንጫ ደርሶ መልስ ጨዋታ አድርሰውናል። ከካላባር ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በየሀገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሰለፉበት የቻን ውድድር ላይ ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ሲሸነፍ፣ ተሰናበቱ። በቦታቸው ፖርቱጋላዊ አሰልጣኝ መጣ። ናይጄሪያ ኬሺን ያስተናገደችበትን መንገድ ስንነቅፍ የራሳችንንም ማየት አለብን። አቶ ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ፣ ከተጫዋችነት ተነስቶ ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠነ፣ ኋላም የአፍሪካን እግር ኳስ የመራ ሰው ያወጣች ሀገር፣ የራሷን ሰው ማመን ሊከብዳት ባልተገባ ነበር። ይህን ስናገር ንዴቴን አልደብቅም።

በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ዝርዝር ውስጥ አንድ ስም ሁሉንም አስደነቀ፦ ኦሳዜ ኦደምዊንጊ። ኬሺ ከሻምፒዮኑ ቡድን ውጪ ያደረገውን፣ በአደባባይ የተቸውን ሰው መልሶ ጠራው። ማንም አላስገደደውም፤ በሚያስፈልገው ጊዜ አስገባው እንጂ። ከኢራን ጋር ያለ ግብ ከተለያዩ በኋላ ኩያባ ላይ ቦስኒያን ገጠሙ። የቦስኒያው ኤዲን ጄኮ ያገባት ግብ ከጨዋታ ውጪ ተብላ በስህተት እንደተሻረች መካድ አይገባም። በ29ኛው ደቂቃ ያሸነፉባትን ብቸኛ ግብ ያስቆጠረው ኦደምዊንጊ ነው። ናይጄሪያ በዓለም ዋንጫ ከ1998 ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያ ድል ነበር። ከዚያ በአርጀንቲና 3 ለ 2 ቢሸነፉም አለፉ። ኬሺ አንድን የአፍሪካ ቡድን ወደ ጥሎ ማለፍ ያደረሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አሰልጣኝ ሆነ። ከእርሱ በፊት ሞሮኮን፣ ካሜሩንን፣ ሴኔጋልን፣ ጋናን፣ ናይጄሪያንም ራሷን እዚያ ያደረሱት ሁሉ የውጭ ሰዎች ነበሩ። በፈረንሳይ 2 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ፤ በዋዜማውም በጉርሻ ክርክር ልምምድ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበል፤ ማስረዘም የሚገባው አይመስለኝም። ለ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ናይጄሪያ በሜዳዋ በኮንጎ ተሸነፈች። ኬሺ ተባረረ፤ ተመለሰ፤ ቡድኑም ሳያልፍ ቀረ። በ2015 ውል ፈረመ፤ በሐምሌ እንደገና አሰናበቱት። በታኅሣሥ ከ30 ዓመት በላይ አብራው የኖረችው ባለቤቱ በካንሰር አረፈች። በሰኔ 2016 መጀመሪያ ኬሺ ራሱ በቤኒን ከተማ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 54 ነበር። በቀናት ልዩነት በ2002 አብሮት የተባረረው ሻይቡ አሞዱም በዚያችው ከተማ አረፈ። በአሳባ የተሠራው ስታዲየም ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በ2018 የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተካሄደው እዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ደግሞ ቁጠሩ። የ2019ን የአፍሪካ ዋንጫ ጀማል ቤልማዲ ከአልጄሪያ ጋር አነሳ። ቀጣዩን አሊዩ ሲሴ ከሴኔጋል ጋር። ቀጣዩን ደግሞ በውድድሩ መሀል ቡድኑን የተረከበው ኤመርስ ፋዬ ከኮትዲቯር ጋር፣ ያውም ናይጄሪያን በፍፃሜ አሸንፎ። ሦስቱም ለእነዚሁ ሀገራት የተጫወቱ ናቸው። በ2022 የዓለም ዋንጫ አምስቱም የአፍሪካ ቡድኖች በሀገራቸው ሰዎች ተመሩ፤ ዋሊድ ረግራጊ ሞሮኮን ግማሽ ፍፃሜ አደረሳት። ይህ ሁሉ በኬሺ ምክንያት መጣ አልልም፤ እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። ነገር ግን ከ2013 በፊት አንድ የአፍሪካ ፌዴሬሽን የራሱን ሰው ሲሾም ጊዜያዊ ነው ይባል እንደነበር፣ ዛሬ ግን እንደዚያ ማለት እንደሚከብድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከሻይ በኋላ የኮትዲቯሩን ሩብ ፍፃሜ ሰሌዳ ላይ አብረን እንሠራዋለን። ምባ ኳሷን ሲይዝ የናይጄሪያ አማካዮቹ ሚኬልና ኦናዚ የት እንደቆሙ፣ ያያ ቱሬም ለምን እንዳልደረሰበት ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ፤ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተመለሱ።